አማና አይነካም

ጊታሩን ያበላሸው ፍም ነው። ሐጂ ዓብደላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድቤ ሲያሞቁ እንደኖሩት ጊታሩንም ከከሰል ምድጃው አጠገብ አቁመው አሞቁት። ጀርባውን የያዘው ሙጫ ለሰለሰ፣ እንጨቱ ከጎኑ ተላቀቀ፣ ፊቱ ላይ ያለው ቫርኒሽ ደግሞ መዳፍ በሚያክል ቦታ አረፋ አውጥቶ ጠቆረ። ሰው ታሪኩን ሲያወራ ከሐጂና ከጊታሩ ባለቤት ጓደኝነት ነው የሚጀምረው። እኔ ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደነካው ስለሆነ ከፍሙ እጀምራለሁ።

ድቤ መንዙማ የሚባልበት ከበሮ ነው። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ድምፁ ይሞታል። ያኔ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁ ይመለሳል። ወሎ ውስጥ ድቤ የሚመታ ሰው ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ ሐጂ ደግሞ ከብዙ ሰው የተሻለ ያውቁበታል። ጊታሩን ከቁም ሳጥን አውጥተው አንዴ ክሩን ነካ ሲያደርጉት ድምፁ ደነዘዘባቸው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ስለዚህ አሞቁት። የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አይነኩትም ነበር።

ጊታሩን ኮምቦልቻ ድረስ ያመጣችልኝ ልጃቸው ዊዳድ ናት። ደሴ ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ከየመን ከመጡት ቅድመ አያቷ ጀምሮ ጨርቅ ነው የሚሸጡት። ጊታሩን ከነሳጥኑ በአንሶላ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳ የአጎቴ የደምመላሽ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ ስትደርስ ክንዷ ዝሎ ነበር።

እኔ የምሠራው ከዚሁ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል ነው። የተመረቅኩት በሜካኒካል ምህንድስና ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የግቢው ባንድ ጊታር በተሰበረ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣ ነበርና እጄ እዚያው ቀረ። አሁን የሆቴል ባንዶችንና የመዘምራንን ጊታር፣ አንዳንዴም ክራር እጠግናለሁ። ደምመላሽ «የዲግሪ አናጢ» ይለኛል። ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለኛል።

«አዲስ አስመስይው» አለች ዊዳድ ገና ሳትቀመጥ።

«ምን ያህል አዲስ?»

«ዛሬ ከሱቅ የወጣ እስኪመስል። ባለቤቱ አያ ኪዳኑ የመስቀል ማግስት ሊወስዱት ይመጣሉ። ምንም ሳያዩ መውሰድ አለባቸው።»

ሁለታችንም ችኩሎች ስለሆንን ለጊዜው በደንብ ተግባባን። እጄ እንዲያውም የብርጭቆ ወረቀት ፍለጋ ሄዶ ነበር። ከዚያ ጊታሩን መስኮቱ ጋ ወስጄ በብርሃን አየሁት።

እንዲህ ያለ ጊታር ከዚያ በፊት በእጄ ገብቶ አያውቅም። አሁን ሰው የሚገዛው ጊታር ፊቱ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው፤ መሐሉ ላይ ክብ አፍ አለው። የዚህ ፊትና ጀርባ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ብሎ ከወፍራም እንጨት የተፈለፈለ ነው፤ በክብ አፍ ፈንታ ከክሮቹ ግራና ቀኝ ሁለት የተጠማዘዙ ቀዳዳዎች አሉት። የጣልያን ሥራ ነው፤ የባለቤቱ የኪዳኑ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ሳሉ ከአስመራ ያመጡት። ጠርዙ ቡና፣ መሐሉ ማር መልክ አለው። ላይኛው ጠርዝ ላይ፣ የሚጫወተው ሰው ቀኝ ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ፣ ቫርኒሹ ተበልቶ አልቆ እንጨቱ ራቁቱን ቀርቷል። ከክሮቹ በታች የመምቻ ጭረት አለ፤ ብዙ ነው፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ። የአንድ ሰው አመል ነው እዚያ ላይ የተጻፈው። ከጭረቱ ዝቅ ብሎ የፍሙ ቦታ ይጀምራል።

የተላቀቀውን ጀርባ መመለስ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ያ የፍም ቦታ ነበር። ለዊዳድ ባለቤቱን ሳላናግር እንደማልነካው ነገርኳት። ባለቤቱማ እንዳያዩ ነው እያልኩሽ ብላ ተቆጣች። እንግዲያው ያሞቀውን ሰው አምጪልኝ አልኳት።

«ስምሽን ያወጣልሽ ሰው አላወቀሽም» አለችኝ ነጠላዋን እየሰበሰበች። ስሜ ትህትና ነው። ይህን ቀልድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሰማሁት አልሳቅኩም።

ሐጂ ዓብደላ በማግስቱ ከዊዳድ ጋር መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። አሰላሙ ዐለይኩም ብለው ገቡና ጊታሩን ከሩቅ ሲያዩት ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ወንበር ሰጥቼ ምን ላድርገው ብዬ ቀጥታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን ነገሩን ከሥሩ ካልተናገሩ የሚሆንላቸው አልነበረም። እኔ ቸኩያለሁ፤ እሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰማሁ።

ወጣት ሳሉ እሳቸውና ኪዳኑ ደሴ ውስጥ አንድ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ነበሩ። ኪዳኑ ጊታር፣ እሳቸው ከበሮ። ልምምድ አልቆ ሌላው ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁለቱ ይቀራሉ፤ ኪዳኑ የጓደኛውን ጣት ይዞ አንድ በአንድ ክሩ ላይ እያስቀመጠ ጊታር ያስተምራል። ከዚያ የምሥራቁ ጦርነት መጣና ኪዳኑ ተመልምሎ ሄደ። ሊሄድ ሲል ጊታሩን ከነሳጥኑ አምጥቶ እጃቸው ላይ አኖረና አማና ነው፣ አደራ አላቸው። ሶማሊያ ተማርኮ ረጅም ዓመት ታስሮ ሲመለስ ከግራ እጁ ሦስት ጣት ጎድሏል። ሐጂ ሳጥኑን አምጥተው ከፊቱ ከፈቱት። ኪዳኑ አየው። በዚያው በጎደለው እጁ ሳጥኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጊታሩ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ኪዳኑ ገራዶ ያርሳል። ለቅሶ ላይም ሠርግ ላይም ይገናኛሉ፤ ስለ በሬ፣ ስለ ማሽላ ዋጋ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ስለዚህ ነገር ግን ዝም ነው። ሐጂ ያላነሱት ቁስሉን ላለመንካት ነበር። ኪዳኑ ለምን እንዳላነሳው ግን አያውቁም፣ ጠይቀውም አያውቁም።

አሁን ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ የኪዳኑ የልጅ ልጅ ሊድያ ጊታር መማር አማራትና፣ መጥቼ እወስደዋለሁ የሚል መልእክት ከገራዶ መጣ። ሐጂ ደስታቸውን አልቻሉትም። አማናው በሕይወት ሳሉ ሊመለስ ነው። ድምፁ አምሮ ይመለስ ብለው አወጡት፤ የሆነው ሆነ።

«አማና ይዞ መሞት ከባድ ነው ልጄ» አሉኝ። «አበላሽቶ መሞት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የሰው ሐቅ ነው። እሱ ራሱ አፉ ካላለኝ፣ ይቅር ካላለኝ አላህ ፊት የማቀርበው ነገር የለኝም። የኪዳኑን አፉታ ነው የምፈልገው። ከአንቺ የምፈልገው እሱን ፊት ለፊት ለማየት የሚያበቃኝን ያህል ነው።»

እኔም ያለውን ነገርኳቸው። ጀርባው እንደነበረ ይመለሳል፤ የከፈተው ሰው መኖሩን ማንም አያውቅም። የፍሙን ቦታ ግን ለይቼ ብቀባው ከበር ላይ ይታያል፤ የዚህን ያህል ዘመን የቆየ ቫርኒሽ መልኩ ዛሬ ተበጥብጦ አይገኝም።

«ፀሐይ የመታው ጣቃ ላይ አዲስ ቁራጭ እንደ መጣፍ ነዋ» አሉ። ነጋዴ ናቸው፤ ወዲያው ገባቸው።

እንደዚያ ነው አልኩ። ጨርሶ እንዳይታይ ከተፈለገ የፊቱን ቫርኒሽ በሙሉ ገፍፌ፣ እንጨቱን አለስልሼ፣ እንደ አዲስ መቀባት አለብኝ። ያምራል። የክንዱ ቦታና ጭረቶቹ ግን አብረው ይሄዳሉ።

«ይገፈፍ» አለች ዊዳድ። «ጭረት ለማን ይጠቅማል? ልጅቷም ብትሆን ንጹሕ ጊታር ይሻላታል። አባባ፣ ሰው የሐጂ ዓብደላን አማና እሳት በላው ቢል ደስ ይልሃል?»

«በላው እኮ» አሉ ሐጂ።

እሷ አላቆመችም። በሱቁ ስም ተከራከረች፣ በሟች እናቷ ስም ተከራከረች። አያ ኪዳኑ አዝመራና ከብት የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ቫርኒሽ ምን ያውቃሉ አለች። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው አንቺስ ምን ትያለሽ አሉኝ። መምረጥ የእኔ ሥራ እንዳልሆነ፣ ግን የተውኩትን ሌላ ሰው ሌላ ጊዜ ሊገፈው እንደሚችል፣ የገፈፍኩትን ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ማንም እንደማንመልሰው ነገርኳቸው።

ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። የክንዱን ቦታ ምን እንደሆነ አላወቁትም ነበር፤ እርጥበት የበላው መስሏቸዋል። የኪዳኑ ክንድ ያረፈበት ነው፣ ሸሚዙና ላቡ ነው የበላው ስላቸው እጃቸውን ዘረጉና እንጨቱ ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው አቆሙት። ይንኩት፣ አይጎዳም አልኳቸው።

«አማና አይነካም» አሉኝ። «አንዴ ነካሁት፤ ያደረግኩትን አየሽ።»

«ከዚያ በፊትስ? ተጫውተውበት አያውቁም?»

«እኔ?» ጥያቄዬ ያስቀየማቸው መሰለኝ።

እውነታቸውን እንደሆነ ከጊታሩ ላይ አይቻለሁ። አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍባቸው የብረት መስመሮች አሉ፤ ፍሬት ይባላሉ። ሰው በተጫወተ ቁጥር ክሩ ብረቱን እየሞረደ ጎድጎድ ያደርገዋል። እዚህ ላይ የአንድ ሰው ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ደርቋል። ከኪዳኑ በኋላ ማንም እንዳልተጫወተበት ብረቱ ይናገራል አልኳቸው። ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

«አየሽ አይደል? ይህን ለኪዳኑ ትመሰክሪያለሽ?»

ካስፈለገ እመሰክራለሁ አልኩ። እሳቸውም ኮፍያቸውን አስተካክለው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው እንጨት ጎንበስ አሉ። ዊዳድ ልትናገር ስትል እጇን ያዟት።

«የእሱን ፍቀሽ የእኔን አትሸፍኚ» አሉኝ። «እንዳለ መልሺው።»

ሥራው እኔ ከምወደው በላይ ቀስ የሚል ነበር። አናጢዎች ዛሬ የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ ብቀባው ኖሮ በአንድ ከሰዓት ይያዝ ነበር። ግን ነጭ ኮላ አንዴ ከያዘ ሁለተኛ አይለቅም፤ ወደፊት ሊከፍተው የሚፈልግ ሰው እንጨቱን ይሰብራል። የድሮዎቹ የሠሩበት ከከብት ቆዳ የሚፈላ ሙጫ ነው። ሐጂን ጉድ ያደረጋቸውም እሱ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል። ይህን የሰማ ሰው የማይለቅ ሙጫ ባደረጉበት ኖሮ ይላል። ቢሆን ኖሮ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ራሱ ነበር። ፍርፍር የቆዳ ሙጫ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ውኃ ውስጥ ነከርኩ፣ በድርብ ድስት አሞቅኩ። ሽታው ደምመላሽን ከቤት አስወጣው።

«ጠፍር እየቀቀልሽ ነው ወይስ ምሳ?» ይለኛል በመስኮት። «ሰውየው አሁንም ጊታሩን እሳት ላይ ጥደውታል እንዳልል አንቺ ነሽ የጣድሽው።»

አሮጌውን ሙጫ ለብ ባለ ውኃና በጨርቅ ትንሽ በትንሽ አነሳሁ። ቢላ መጠቀም ያምረኝ ነበር፤ አልተጠቀምኩም። ጀርባው ላይ ሙቀቱ የከፈተው ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ እንዳይረዝም ከውስጥ በኩል ጥፍር የሚያካክሉ ስስ እንጨቶች ለጠፍኩበት። ከዚያ ጀርባውን መልሼ ዙሪያውን በሞርሳ ያዝኩ፤ ሞርሳ ሲያልቅብኝ በሞተር ሳይክል ጎማ ቅዳጅ ጠፍሬ አሰርኩት። እስኪደርቅ ሌላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። እየሄድኩ አየዋለሁ፤ ደምመላሽ ደግሞ ያየኛል።

መቃኛዎቹን ዘይት አጠጣኋቸው። አንደኛው ጫፉ ተሰብሯል፤ ሳጥኔ ውስጥ የሚገጥም አዲስ ነበረኝ፣ ግን አሮጌው ይዞራል፤ የሚዞር ነገር አይቀየርም። ፍሬቶቹን ከዝገት አጸዳሁ እንጂ ጉድጓዳቸውን አልሞረድኩም። የፍሙን ቦታ በተመለከተ ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፦ አረፋ ያወጣው ቫርኒሽ እንዳይረግፍ በቀጭን ሙጫ አጣበቅኩት። ጥቁረቱ እንዳለ ነው። አዲስ ያደረግኩት ክሮቹን ብቻ ነው፤ አሮጌዎቹን በወረቀት ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ክሩን ወጥሬ ስመታው ድምፁ የአሁን ጊታር ድምፅ አልነበረም። አጭርና ደረቅ ነው፤ አይንሳፈፍም። ቃሉን ተናግሮ ዝም እንደሚል ሰው ነው። ደምመላሽ የመላጊያ ማሽኑን አጥፍቶ በር ላይ ቆመ። ቅኝቱን እስክጨርስ እዚያው ሆኖ ሰማ። ከዚያ «ማሽኔን ላብራ ወይስ ሌላም አለ?» ብሎ ሄደ።

የመስቀል ማግስት ጊታሩን ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። የሐጂ ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው፤ እንግዳ መቀበያው መጅሊስ ዙሪያውን ፍራሽና ትራስ የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነው። እኔ እዚያ የተገኘሁት ለምስክርነት ነው፤ አማና ሲመለስ ሰው ይቁም ብለው ሐጂ ለምነውኛል። ዊዳድ ጊታሩን ስታየው የፍሙን ቦታ ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች። በሐሳቤ የሳልኩት ከዚህ ይብስ ነበር አለችኝ። ከእሷ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

አያ ኪዳኑ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው ናቸው። ተሳሳሙ፣ ተጠያየቁ፣ ሻይ ተቀዳ። ስለ ጤፍ አወሩ። ስለ ሐርቡ ሙቀት አወሩ፤ አንድ የሩቅ ዘመድ እዚያ ሞቶ ነበር። ሻዩ ሁለተኛ ሲቀዳ እኔ ፍራሹ ላይ መቁነጥነጥ ጀምሬ ነበር። ሐጂ በመጨረሻ ብድግ ብለው ሳጥኑን አመጡና ከፊታቸው አኖሩት፤ ራሳቸው ከፈቱት።

«ኪዳኑ፣ አማናህ ይኸው።»

አያ ኪዳኑ ጊታሩን አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ቀኝ ክንዳቸው ቦታውን ሳይፈልግ አገኘው፤ ራቁቱ እንጨት ላይ ልክ ገባ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደዚያ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ፊቱን እየዳበሰ ወርዶ የፍሙ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይኼስ?»

«ፍም ነው። እኔ ነኝ። ድምፁ ደነዘዘብኝና እንደ ድቤ አሞቅኩት።»

አያ ኪዳኑ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ከሆዳቸው ሳቁ። «ዓብደላ፣ ሚስትህንም ክረምት ላይ ዝም ስትልህ እሳት ዳር ነበር የምታስቀምጣት?»

ዊዳድ በሻሿ አፏን ሸፈነች። ሐጂ ግን አልሳቁም፤ ከመጀመሪያው ያዘጋጁትን ንግግር ሳይጨርሱ መሳቅ አልቻሉም። ልሸፍነው እችል ነበር፣ የአንተ እንዳይጠፋ ብዬ ተውኩት አሉ። ሌላው ሁሉ እንዳስረከብከኝ ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ትህትና ትመስክር። ንገሪው።»

ምስክርነቴን ሰጠሁ። ክሮቹ ብቻ አዲስ ናቸው፣ ሌላው የነበረው ነው አልኩ። «ከእርስዎ በኋላም ሰው አልተጫወተበትም። ፍሬቶቹ ላይ ይታወቃል። የእርስዎ ጣት ካቆመበት አልጨመረም።»

የአያ ኪዳኑ ሳቅ ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «ማንም?»

«ማንም» አሉ ሐጂ። ኩራት ነበር ድምፃቸው ውስጥ። «ወላሂ አንድ ቀን አልተጫወትኩበትም። አማና አይነካም።»

አያ ኪዳኑ የግራ እጃቸውን የጊታሩ አንገት ላይ አሳረፉ። የቀሩት ሁለት ጣቶች ብረቱ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ዳሰሱ። ውጭ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ አለፈ።

«ደሴ በወጣሁ ቁጥር በዚህ ነው የማልፈው» አሉ። «ጉዳዬ በሌላ በኩል ሆኖም በዚህ ነው የማልፈው። ከቤትህ ጀርባ ስደርስ እቆማለሁ። ያስተማርኩህን ትጫወት እንደሆነ ብዬ። ድቤህን እሰማለሁ። ሁልጊዜ ድቤ ነው። ዛሬ አልሆነለትም እላለሁ፤ እሄዳለሁ።»

ሐጂ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ምነው ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ? ጣቴን ጥዬ መጥቻለሁ፣ በጣቴ ፈንታ ተጫወትልኝ ብዬ ልለምንህ? ሳጥኑን የገፋሁልህ ለምን መሰለህ?»

«ማየት ያቃተህ መስሎኝ።»

«ማየትማ አቅቶኝ ነበር» አሉ አያ ኪዳኑ። «መስማት ነበር የፈለግኩት።»

 ዊዳድ የሻይ ብርጭቆ ልታነሳ እጇን ዘርግታ እዚያው ተወችው። እኔ ምስክርነቴን ቃል በቃል መልሼ አሰብኩት፤ ስህተት አልነበረበትም። ሐጂ ከትራሳቸው ወደ ፊት ተንበርክከው ሄደው ከጓደኛቸው ፊት ተቀመጡ።

«አፉ በለኝ።»

«ለእሳቱ?»

«ለሁሉም።»

አያ ኪዳኑ ጊታሩን ወደ ሳጥኑ መለሱት። አቀማመጡን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ፤ ክዳኑን ጫኑት፤ በአንድ እጅ መቆለፊያው እምቢ አላቸው። ሐጂ እጃቸውን ሰደዱና ቆለፉላቸው።

«ለእሳቱ አፉ ብዬሃለሁ» አሉ አያ ኪዳኑ። «ከልቤ ነው። ይህች ልጅ ምስክር ትሁን። እሳቱ ምንም አይደለም።»

«ሌላውስ?» አሉ ሐጂ።

«ለሌላው ግን ጊዜ ስጠኝ።»

«ጊዜ የት አለን ኪዳኑ?»

«ያለንን ያህል ስጠኝ።»

ተነሱ። ዊዳድ ልትሸኛቸው አብራ ተነሳች፤ እኛ ጋ እንግዳ ሳይሸኝ አይወጣም፣ ጠላት እንኳ እስከ ግቢ በር ይሸኛል። አያ ኪዳኑ የጎደለ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። «ተይ ልጄ። አትሸኙኝ» አሉ። ሐጂ ለመነሳት አንድ ጉልበታቸውን እንዳቆሙ እዚያው ቀሩ። አያ ኪዳኑ ጫማቸውን አደረጉ፣ ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሳጥኑን አንጠለጠሉ፣ ወጡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።